እጅሽን ሰብስቢ

ደረቅ ባና ምንም አይሸትም፤ ውሃ ሲነካው ግን በጉ ተመልሶ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ደሴ በምሠራበት ግቢ ዘበኛው አያ ይመር የሚደርቡትን የበግ ጠጉር ባና አጥሩ ላይ ረስተውት ዝናብ ሲወርድበት አደረ። ጠዋት በሩን ስገፋ ሽታው ፊቴን መታኝ።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አሉኝ።

እጄ ብቻ ሳላዘው ተነስቶ ቅንድቤን ነካ። እሳቸው ምን እንዳልኩ አላወቁም። ያንን ቃል በዚህ ምድር ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ከሦስቱ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እናቴ አትሰማም ነበር። በልጅነቷ ትኩሳት ጥሏት ከሞት ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን በዚያው ቀረ። በገነተ ማርያም ዙሪያ ያለው ሰው «ድዳዋ» ይላታል። ክፋት የለበትም፣ የመንደር ልማድ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ደግሞም ድዳ አልነበረችም። እንደ እሷ ወሬ የሚወድ ሰው አላየሁም። የበግ ጠጉር እየፈተለች ለባና ሸማኔዎች ትሰጣለች፤ እንዝርቱን አሹራ ለቀቅ ስታደርገው በዚያች ፋታ እጇ ወሬ ይጀምራል፣ ክሩን ልትጠቀልል ስትይዘው ወሬው ይቋረጣል። እኔ ቀሪውን ለመስማት፣ ማለቴ ለማየት፣ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

ቋንቋው የቤታችን ነበር፤ ማንም አላስተማረንም። ታላቅ ወንድሜን ሲሳይን በቅሎ ረግጣው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ስለዚህ ስሙ ቅንድብን በጣት መንካት ነበር። የእኔ ስም አገጭን መቆንጠጥ ነው። ቄስ ለማለት መስቀል እንደሚሳለም ሰው ግንባርና ከንፈር ይነካል። የገና በዓል ለማለት ዱላ ይዞ እሩር መምታት። ነገ ጉንጭን መዳፍ ላይ አንድ ጊዜ ማስተኛት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት ጊዜ። መሞት ሁለት መዳፍን አጋጥሞ መገልበጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ለበግና ለዶሮ እንጂ ለቤታችን ሰው ተጠቅመንበት አናውቅም፤ አባቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው።

ሲሳይ ከብቱንና እርሻውን ይዞ ስለሚውል የእናቴ ጆሮም አፍም እኔ ነበርኩ። ገበያ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ቀበሌ አብሬያት እቆማለሁ፣ ለቅሶ ቤት አጠገቧ ተቀምጬ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ እነግራታለሁ። የንስሐ አባታችን አባ ተድላ ብቻ፣ ንስሐ ልትገባ ስትሄድ፣ «አንቺ ውጭ ቆይ። እግዚአብሔር አስተርጓሚ አያሻውም» ብለው ያስወጡኛል። በጣም እናደድ ነበር። ያለ እኔ ምን ሊነጋገሩ ነው እያልኩ በር ላይ ጠጠር ስረግጥ እቆያለሁ።

አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት ሰደበቻት። እኔ አዘንኩና ስድቡን ዋጥኩት፤ «ጠጉሩ ቆሻሻ አለበት አለች» ብዬ አለፍኩ። እናቴ የሴትዮዋን ፊት አየች፣ የእኔን አየች፣ ቤት ስንደርስ በእንዝርቱ እንጨት መዳፌን ሁለት ጊዜ መታችኝ። ከዚያ በእጇ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ጠረገች። «ሁሉንም» ማለቷ ነው። ስድብም ቢሆን ሁሉንም ንገሪኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስድቡን ሁሉ፣ ሐሜቱን ሁሉ። አንዳንዴ ስድቡን ሳሳያት ትስቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ገብሱን በረዶ መታውና ሲሳይ እንደ ብዙዎቹ የላስታ ጎረምሶች ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። የሄደው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ መተማን የምትጠራው ግንባሯን ከላብ በመጥረግ ነበር፤ ቆላ አይታ አታውቅም። ሲሳይ በሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን ጠረገ፣ ከዚያ የገናውን ዱላ በባዶ እጁ አነሳና እሩሩን መታ። ለገና እመጣለሁ ማለቱ ነው። እናቴ ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

በመንደሩ ስልክ የነበራት የአባቴ እህት እቴቴ ብርቄ ናት። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ወጥተን እንቀመጣለን። ሲሳይ ይደውላል። እኔ እሰማለሁ፣ እጄ ይናገራል። በመጨረሻ እናቴ ስልኩን ትቀበለኝና ጀርባውን በመዳፏ ታቅፈዋለች። ሲሳይ ያውቃል፤ ያኔ ድምፁን ወፈር አድርጎ ዝም ብሎ ያንጎራጉርላታል። ስልኩ ሲነዝር ይሰማታል። ዓይኗን ጨፍና እስኪቋረጥ ድረስ ትይዘዋለች።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ወንፊት እንድዋስ እቴቴ ብርቄ ቤት ተላክሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ከሲሳይ ጋር የወረደው ሞላ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። እግሩ ሥር የሲሳይ ጋቢ ተጠቅልሎ አለ።

«ወባ ነው። ሦስት ቀን አልሞላውም። ሐኪም ቤት ሳናደርሰው፣ መንገድ ላይ…» አለ።

እቴቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር የምታለቅሰው፣ ድምፅ እንዳይወጣ። ስታየኝ ዘላ ተነሳች። ሁለቱን አንጓዎቼን አንድ ላይ ጨምድዳ ያዘችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አፌን ይይዝ ነበር፤ እሷ ግን የት መያዝ እንዳለባት አወቀች።

«ሰማሽ? ሰማሽ አይደል? እጅሽን ሰብስቢ! ለእናትሽ አንዲት ነገር ብታሳዪያት ልቧ ቀጥ ይላል። ገዳይዋ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ሰማሽኝ ትርፌ?»

አባ ተድላ ተጠርተው መጡ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከፊቴ ቁጢጥ አሉ።

«መርዶ ወግ አለው ልጄ። የእናትሽ ወንድሞች ከኮን ይምጡ። አሁን አጨዳ ላይ ናቸው። ደግሞ ጾሙ ይውጣ፣ ልደቱም ይለፍ፤ በበዓል ዋዜማ እናትን አያረዷትም። ያኔ በማለዳ ተሰብስበን በወጉ እንነግራታለን።»

«አባ፣ እስከዚያ ድረስ ሞቷል ወይስ አልሞተም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እሳቸው እቴቴን አዩአት። «ለእናትሽ አልሞተም» አሉ።

ደግ ሰው ነበሩ፤ ሕፃን ለማባበል ያሉት ነው። እኔ ግን እንዳለ ወሰድኩት። ቄስ ተናግረዋል፣ እንግዲህ እንደዚያ ነው። መርዶ ያልተነገረለት ሰው አልሞተም። ሲሳይ መተማ የሆነ ቦታ፣ በሞትና በሕይወት መካከል፣ እኔ እጄን እስክከፍት ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ወንፊቱን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ለምን ዘገየሽ አለችኝ። ወንፊቱን አስቀምጬ፣ «ዶሮ እያባረርኩ ነበር» አልኳት። በእንዝርቱ እንጨት ከመታችኝ ወዲህ የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ አበደ። እናቴ አትሰማም ብለው ደጃችን ላይ ቆመው በሙሉ ድምፅ ያወሩ ነበር። «ወይኔ ምስኪን፣ ልጇ አፈር ገብቶ እሷ ትፈትላለች» ትላለች አንዷ። «ቀን ቆርጠው እስኪነግሯት ነው» ትላለች ሌላዋ። እናቴ እንዝርቱን ታቆምና ወደ እኔ ትዞራለች። ምን አሉ? እኔ፣ «ብርዱ ዘንድሮ ባሰ አሉ።» ምን አሉ? «ጠጉሩ ጥሩ ነው አሉ።» ለአንድ ልቃቂት ግማሽ ቀን ስትሟገታት የኖረችው ጎረቤት መሟገት ተወች። ድንጋይ የሚወረውሩብን ልጆች መንገድ ለቀቁልን። ባቄላ የሚያመጣ መጣ፣ ጎመን የሚያመጣ መጣ። ዓይኗን የሚያይ ግን ጠፋ። ሐዘን በአፍ ብቻ የሚወጣ መስሏቸው ፊታቸውን ሜዳ ላይ አሰጥተው ይሄዱ ነበር። እናቴ ደግሞ ሕይወቷን ሙሉ ከሰው ፊት ሌላ መጽሐፍ አላነበበችም።

ሁለት እሑድ ጉብታው ላይ ተቀምጠን ስልኩ ሳይጮህ ወረድን። በሦስተኛው እሑድ እናቴ አልወርድም አለች። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። በመጨረሻ እቴቴ ብርቄ ስልኩን አንስታ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«አውሪ። ደወለ በያት። አውሪ እንጂ ልጄ!» አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቷን ግን በግድ ፈገግ አድርጋዋለች።

ስልኩ ውስጥ ምንም የለም። «እሺ ወንድምዓለም… አዎ፣ ደህና ነን…» አልኩ። ግራ እጄ ስልኩን ያዘ፣ ቀኝ እጄ ማውራት ጀመረ። ሲሳይ ደህና ነው፤ ሥራው ብዙ ነው፤ ቀሚስ ገዝቶልሻል፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ቀሚሱን ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ ጨመርኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ወንድሜን እያኖርኩት ነበር። ቀሚሱን ሳሳያት እኔው ራሴ አየሁት።

እናቴ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ወሰደችና ጀርባውን በመዳፏ አቀፈችው። ዓይኗን ጨፈነች። ረጅም ጊዜ ያዘችው። እቴቴ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ከዚያ እናቴ ዓይኗን ገለጠች፣ ስልኩን መለሰች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ቁልቁል ወረደች። አመነች ብዬ እየዘለልኩ ተከተልኳት።

ታኅሣሥ አጋማሽ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት መንደርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። የሲሳይ አርባ ፍትሐት ነበር፤ እናቱ ሳትቆም ተፈታለት። «ማን ነው?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዤ ሄድኩላት። ከሩቅ መንደር የሆነ ሽማግሌ ነው። እቴቴ ብርቄ በፊታችን ስታልፍ ሰላም አላለችንም። እናቴ መንገዱ ባዶ እስኪሆን ቆማ አየችና ገባች።

ልደት ሲቃረብ የላሊበላ ተሳላሚ በእኛ በኩል ያልፋል። ከራያ ወገን በእግሩ የሚመጣው ሰው ነው፤ ሳምንት የተጓዘ አለ፣ እግሩ የተሰነጠቀ፣ ጫማው የተበጠሰ። የመንደሩ ሴቶች ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዘው መንገድ ዳር ወጥተው የእንግዳ እግር ያጥባሉ፤ በረከት ነው። እናቴ በዚያ ዓመት ከሁሉም ቀድማ ወጣች፣ ከሁሉም ኋላ ገባች። እኔ ውሃ አቀብላለሁ። እያንዳንዱን እግር ጣት በጣት እያጠበች ታደርቀዋለች። አንዱ ጎረምሳ መተማ ነበርኩ ሲል ለጓደኛው ሰማሁት። አልነገርኳትም። ግን እግሩን ስታጥብ ከሌሎቹ ይልቅ የቆየች መሰለኝ።

በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻዎቹ አለፉ። መንገዱ ባዶ ሆነ። እናቴ ሳፋውን ደፋችና ከፊቷ አስቀመጠችኝ። እጇ በውሃ ብዛት ተሸብሽቧል። ቅንድቧን ነካች። ከዚያ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ከፈተችልኝ። የታለ?

ፊቷ ተቆጥቶ አልነበረም። ዛሬ ሳስበው እየለመነችኝ ነበር። እኔ ግን የታየኝ የአባ ተድላ ቃል ብቻ ነው፤ እጄን ከከፈትኩ ሲሳይ ይወድቃል። ስለዚህ መሪ እንደሚይዝ ሰው እጄን አዟዟርኩ፣ ሰበርኩት፤ መኪናው ተበላሽቶበታል። ውሃ ረጨሁ፤ ለጥምቀት ይመጣል። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ራሴን ዳበሰችና ሳፋውን አንስታ ገባች።

ልደት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ማለዳ መጡ። ሁለቱ አጎቶቼ ከኮን፣ አባ ተድላ፣ እቴቴ፣ ከኋላቸው መንደሩ ሁሉ። እናቴ በሩን ከፍታ ቆመች። አልጮኸችም። አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ንገሪያት እንግዲህ» አለችኝ እቴቴ።

እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። «ትርፌ፣ አሁን ነው ልጄ፣ አሁን ተፈቅዷል» አሉኝ አባ ተድላ። ራሴን በእንቢታ ነቀነቅሁ። የሚሞተው አሁን ነው፣ የምገድለውም እኔ ነኝ። ለምን ይህ እንደማይገባቸው አልገባኝም። ታላቁ አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀና እናቴ ፊት ቀርቦ ይጮህ ጀመር። «ሲሳይ ሞቷል! እህቴ፣ ሲሳይ ሞቷል!» ጮክ ቢል የምትሰማው ይመስል እያለቀሰ ይጮህባት ነበር።

እናቴ በእጇ ገለል አደረገችውና እኔ ፊት ተንበረከከች። እጆቼን ከብብቴ አወጣቻቸው። ጥቂት ይዛቸው ቆየችና ለቀቀቻቸው። ጠበቀችኝ። እኔ አልቻልኩም። ከዚያ ራሷ ቅንድቧን ነካች፣ ሁለት መዳፏን አጋጠመች፣ ገለበጠችው። ነው? አለችኝ በዓይኗ። በራሴ ንቅናቄ አዎ አልኩ።

ያኔ የወጣውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም። እናቴ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ለቅሶው ረገብ ሲል፣ በአራተኛው ቀን፣ ከድንኳኑ ጠርዝ ጠርታኝ መቼ አለችኝ። ከእንግዲህ የምሸሽገው አልነበረኝም። እሑዶቹን በጣቴ ቆጠርኩላት። እሷም በጣቷ ተከትላኝ ቆጠረች። አርባው ማለፉን ስታውቅ ጣቷ ቆመ፤ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሰዎች በእጇ አሳየችኝ፣ የምርኩዙን ሽማግሌ ደገመችልኝ። ከዚያ በሌለ ስልክ ጀርባ ላይ መዳፏን አሳረፈችና ራሷን ነቀነቀች። አልነዘረም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ታውቅ ነበር።

ማልቀስ ግን አትችልም ነበር። መርዶ ሳይመጣ ልጇን የምታለቅስ እናት በሕያው ላይ ታሟርታለች፤ በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። አንድ ሰው እንዲነግራት ያስፈልጋት ነበር። መንደሩ እንደማይነግራት ገብቷታል። እኔን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ሐዘኑን ከነሕይወቱ ውጣ የሰው እግር ስታጥብ፣ እኔ የአረንጓዴ ጥለት ቀሚስ እያሳየኋት ነበር። ጣቷን ወደ ደረቴ ቀሰረች፣ «አንቺ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

አልመታችኝም። ብትመታኝ ኖሮ! አበላችኝ፣ ራሴን ቅቤ ቀባችኝ፣ በብርዱ ባናዋን ደረበችልኝ። እጄን ግን ከዚያ ወዲያ አላየችውም። ማውራት ስጀምር ዓይኗን ወደ እንዝርቱ ትመልሳለች። ዞሬ በዚያ በኩል ብቆም በዚህ በኩል ትዞራለች። ገበያ ብቻዋን መሄድ ጀመረች፤ ሲያታልሏት ተታልላ ትመለሳለች እንጂ እኔን አታስከትልም። ሌላው ሁሉ የዋሸው በአፉ ነው፤ እሱ ድሮም የእሷ አልነበረም። እኔ የዋሸሁት እሷ ባስተማረችኝ እጅ ነው። ይህን ያኔ በቃል ባላውቀውም ሆዴ አውቆት ነበር።

የካቲት ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲታረቅ አይቻለሁ፤ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይቆማል፣ የተበደለውም ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ለዚህ እጅ መናገር አያስፈልገውም። ብታየኝ ትረዳኛለች። ከካቡ ላይ የምችለውን ትልቅ ድንጋይ ፈታሁ፤ ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ላይ አሳርፌ አንገቴ ላይ አወጣሁት።

ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ከፊቷ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። የሚታየኝ እግሯና የሚሾረው እንዝርት ብቻ ነው። እንዝርቱ ቆመ። ጥላዋ ወደ እኔ አዘንብሎ አየሁት፤ ልትነሳ ነው አልኩ። ከዚያ እንዝርቱ እንደገና መሾር ጀመረ።

ቆምኩ። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ወደ ጎኔ ዞረች። እቴቴ ብርቄ ማድጋ አዝላ ከውሃ ስትመለስ አየችን።

«ኧረ በማርያም! አንቺ ልጅ፣ አንገትሽ ሊሰበር ነው እኮ!» ብላ ማድጋዋን አውርዳ ሮጠች፣ ድንጋዩን ከአንገቴ ላይ አነሳችና መሬት ላይ ጣለችው።

እኔ ቀና ስል እናቴ አሁንም ትፈትል ነበር።